ፊልም የታየበት የቅሬ አቡጀዲ

ከሪማ አቡጀዲውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዳሩን ትቀመቅማለች። የግራ አውራ ጣቷ ከመርፌው ፊት ፊት እየሄደ እጥፉን ያስተካክላል፤ ዓይኗ ግን እዚያ የለም። በመስኮቱ በኩል ጦሳ ተራራ ላይ የተኛውን ጉም ነው የምታየው። ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ የሰፋ እጅ ብዙም ዓይን አይፈልግም። የሚተረተር ዳር ካገኘ ያጥፋል፤ ካጠፈ ይቀመቅማል። ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አጋጥማ ሰፍታ ጨርሳለች። የቀራት አራቱን ዳር መቀምቀምና ከላይ ገመድ የሚገባባቸውን ስድስት ማንጠልጠያዎች መትከል ነው። ለእሁድ መድረስ አለበት።

ጊዜው ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ነው፤ ከተማው ደሴ፣ ሰፈሩ ቧንቧ ውሃ። ከሪማ ያኔ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሐርቡ ተወልዳ ደሴ የተዳረች፣ ባሏ ከሞተባት ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ድራ ከስፌት መኪናዋ ጋር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ፊደል የቆጠረችው በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ቀበሌ ድረስ ሲመጣ። ስሟን መጀመሪያ የጻፈች ቀን ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከታ ዋለች። ስታወጣው በላብ ደብዝዞ ስለነበር ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ ማንበብና መጻፍ ከቻሉት መሐል የፈለገ ሰው እሁድ ከሰዓት በኋላ ፍልስፍና ይማር ተባለ። ፍልስፍና ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ከሪማ የተመዘገበችው ለተመዘገበ ሰው አዲስ ደብተር ስለሚሰጥ ነው። አዳራሹ ከቧንቧ ውሃ ራቅ ያለ ቀበሌ ውስጥ ስለነበር ከሰፈሯ እዚያ ድረስ የሚሄድ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

አስተማሪው መምህር መኳንንት ይባላል። በሳምንቱ ቀናት ኮምቦልቻ ያስተምራል፤ እሁድ እሁድ በአውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ ሰው ስለሆነ በሸሚዝ ብቻ ይመጣና ደሴ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ተማሪዎቹ ተራ ገብተው ጋቢ ያመጡለት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ለከሪማ ልጇ ሊሆን ይችላል፤ ግን መምህር ነውና አንቱ ትለዋለች። እሱም በዕድሜ ትበልጠዋለችና እትዬ እያለ አንቱ ይላታል። እንዲህ እየተከባበሩ ነው የሚከራከሩት።

መጀመሪያ መጀመሪያ ያስተምር የነበረው ከመጽሐፉ ነው፤ ብዛት ወደ ዓይነት ስለመለወጡ፣ ስለ ተቃራኒዎች አንድነት። ተማሪው ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ የከረመ ሰው ስለሆነ ግማሹ ይተኛል። አንድ እሁድ ሞላልኝ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ከኋላ ሆኖ አንኮራፋ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መምህር መኳንንትም አብሮ ሳቀና መጽሐፉን ከደነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ፍልስፍና ማለት እኮ ሰው ሁለት መንገድ ፊቱ ሆኖ የትኛውን ልያዝ ሲል የሚያስበው ነገር ነው። በቃል ስነግራችሁ ትተኛላችሁ። ባሳያችሁ ግን ትጣላላችሁ። ለእኔ ብትጣሉ ይሻለኛል።»

በሳምንቱ ፕሮጀክተር ተሸክሞ መጣ። ፊልሞቹ ከአዲስ አበባ በፖስታ የሚላኩ ነበሩ፤ ክብ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተጠቅልለው፣ ማናቸውም በማይሰሙት ቋንቋ የተሠሩ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ባሕር ማዶ ስለተማረ ቋንቋውን ያውቃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎቹ ምን እንደሚባባሉ ለመምህሩ ይነግረዋል። መምህሩ ደግሞ እሁድ ከፊልም መኪናው አጠገብ ቆሞ ድምፁን እየለዋወጠ፣ ሲያስፈልግ እንደ ሴት እያለቀሰ፣ ለተማሪው ይነግራል። የቀበሌው ካድሬ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መጽሐፉ ከተነበበ ለቀረው ግድ አልነበረውም። እንዲያውም የፊት ወንበር የሚይዘው እሱ ነበር።

ችግሩ ግድግዳው ነው። የአዳራሹ ግድግዳ ከወገብ በታች አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከላይ የጢማሞቹና የሊቀ መንበሩ ሥዕሎች ተሰቅለውበታል። ሥዕሎቹን ለማውረድ የሚደፍር እጅ አልነበረም። የመጀመሪያው ፊልም ሠርግ ነበረበት፤ ሙሽራይቱ ብቅ ስትል እግሯ አረንጓዴ ሆነ፣ ፊቷ ሥዕሎቹ ላይ አረፈ።

«ሙሽራዋ ጢም አበቀለች» አለ ሞላልኝ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ያየ የለም፤ ሲሳቅ ተዋለ።

ነጭ ጨርቅ፣ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ አቡጀዲ ቀበሌ ሱቅ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ከሪማ የምታውቀው ብዙ አቡጀዲ ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የቅሬው ሣጥን።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የቧንቧ ውሃው ቅሬ ሰው በሞተ ቁጥር ጨርቅ ፍለጋ እንዳይንከራተት አንድ ጣቃ አቡጀዲ ለከፈን ገዝቶ ለሁለት ቆርጦ አስቀምጦ ነበር። ሣጥኑ ያለው አያ ጀማሉዲን ቤት ነው፤ ቁልፉም ቀን ከሌት በእሳቸው አንገት ላይ ነው። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው፤ የከሪማ የግድግዳ ጎረቤት።

«አያ ጀማሉዲን፣ አቡጀዲውን ለእሁድ ያውሱኝ» አለቻቸው።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«ላልሞተ ሰው ከፈን ምን ያደርግለታል?»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጢማቸውን ያዝ አድርገው ሰሙ።

«ሰው ይታይበታል ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ ሰው ይታይበታል።»

«ራቁቱን?»

«ኧረ ለብሶ ነው። እንዲያውም አገሩ በረዶ ስለሆነ ካፖርት ደራርቦ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ውሰጂው። እንዳይቀደድ፣ እንዳይቆሽሽ። ሰኞ በጧት መልሺ። ለሰው እንዳታወሪ።»

እንዳትሰፊው አላሏትም። ለልብስ ሰፊ እንዲህ ተብሎ ይነገራል? ከሪማም ከፈን እንደማይሰፋ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የእናቷን ስታዘጋጅ በእጇ ቀድዳ ነው ያለበሰቻት፤ መርፌ አልነካውም። ግን ያን ሐሙስ ጉልበቷ ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ለእሷ ከፈን አልነበረም። መጋረጃ ነበር፣ ትምህርት ነበር። እጇ የለመደውን ሠራ።

እነዚያን እሁዶች ከሪማ ዛሬም ስታነሳቸው ፊቷ ይበራል። ተማሪው ሁሉ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ይመጣና መስኮቶቹ ይሸፈናሉ። አቡጀዲው በገመድ ይወጠራል፤ ሰኞ ጧት ታጥፎ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ሥዕሎቹን ጋረደ እንዳይባል ተፈርቶ ነበር፤ ካድሬው አሰብ አድርጎ፣ መጋረጃ ለክብር ነው ብሎ ፈቀደ። መኪናው መንጣጣት ይጀምራል፤ የሞቀ ብረትና የአቧራ ሽታ ይመጣል፤ በብርሃኑ መንገድ ላይ ትቢያው ሲጨፍር ይታያል። አንድ ጊዜ ፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሱ አዳራሹ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ አፍ «አሚን» አለ። ሽማግሌው ለካ ዝናብ መምጣቱን ነበር የሚያዩት። ካድሬው ሳይቀር አሚን ብሏል።

የመምህር መኳንንት አሠራር እንዲህ ነው። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ አንዱን መንገድ ልትይዝ ስትል፣ መኪናውን ያጠፋል። ብርድ ልብሱ ከአንድ መስኮት ላይ ይወርዳል። «ይህን ታድርግ የምትሉ በበሩ በኩል ወዳለው ግድግዳ። ያንን የምትሉ ወደ መስኮቱ ግድግዳ» ይላል። መቀመጥ የለም። ከዚያ ግድግዳና ግድግዳ ሆኖ ክርክር ነው። መጨረሻው የሚታየው በሳምንቱ ነው። እሱ ራሱ መጨረሻውን አስቀድሞ አያይም ነበር። «ካወቅሁት ሳላስበው ወደዚያ እገፋችኋለሁ» ይላል።

ይህ አሠራር በሌላ አገር እንዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ወሎ ላይ ግን አንድ እንቅፋት ገጠመው። ገና በመጀመሪያው ክርክር ሞላልኝ መሐል አዳራሹ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጓድ ሞላልኝ፣ ወይ ወደዚህ ወይ ወደዚያ» አለው መምህሩ።

«እኔ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ፊልሙ ውስጥ እኮ ሽማግሌ የለም።»

«ሽማግሌ የሌለበት አገር ደግሞ የት አለ? አላሳዩንም እንጂ ይኖራል።»

ግማሹ ተማሪ ግድግዳውን ለቆ ሞላልኝ ዘንድ መጣ። መምህር መኳንንት ራሱን ይዞ ቆየና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስተኛ መስመር አሰመረ፤ ሽማግሌ የሚልኩ ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ፊልም በመጣ ቁጥር ያ መስመር ባዶ ሆኖ አያውቅም።

በስድስተኛው እሁድ የመጣው ፊልም የውሃ ወፍጮ ያላቸው ባልና ሚስት ታሪክ ነው። የመንደሩ የእህል ጎተራ ተቃጠለ። አንድ ጎረቤት አቃጠልክ ተብሎ ታሰረ። አንድ ቀን ሚስቲቱ የባሏን ኮት ስታጥብ እጅጌው ተቃጥሎ አገኘችው፤ ላምባ ይሸታል። ሴትየዋ መስኮት ሥር ተቀምጣ እጅጌውን ስትጠግን ከሪማ፣ «ሙያ የላትም፤ ክሩን በጣም ሳበችው» ስትል ተሰማ። ባልየው ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱን ይወዳል፣ ልጆቹን ያጫውታል፤ ጎተራውን ያቃጠለው በቂም ነው። ሚስቲቱ የተጠገነውን ኮት ይዛ ወደ ዳኛው ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ስትቆም መኪናው ጠፋ። ከሦስቱ ጣሳ ሁለቱ አልቀዋል።

ትናገር ወይስ ዝም ትበል?

ከሪማ ዝም ትበል ወደሚለው ወደ በሩ ግድግዳ ሄደች። ከፊት ለፊቷ መስኮቱ ሥር ተናኘ ቆማለች፤ ታይፒስት ናት፣ ጴንጤ ናት እየተባለች በሹክሹክታ የምትነሳ ዝምተኛ ልጅ።

«ባሏ ነው፤ የልጆቿ አባት ነው» አለች ከሪማ። «አሳልፋ ሰጥታው ለልጆቿ ምን ልትላቸው ነው?»

«እትዬ ከሪማ፣ ዝም ብትል እሷም አብራው አቃጠለች ማለት አይደለም?» አለች ተናኘ።

«አንቺ አላገባሽም።»

«ለማግባት ነበር ያሰብኩት፤ እርስዎን ሰምቼ ፈራሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። ከሪማም እየሳቀች አልለቅም አለች። ክርክሩ ሲያልቅ በበሩ ግድግዳ የቀረችው ብቻዋን ነበር፤ ሌላው ወይ ወደ ተናኘ ሄዷል ወይ ሞላልኝ ጋ ሆኖ ሽማግሌ ይመርጣል።

ረቡዕ ጧት የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሞቱ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሊቀበሩ የቅሬው ሰው ተሰበሰበና ሣጥኑ ተከፈተ። አያ ጀማሉዲን ጨርቁን አውጥተው ሲዘረጉት ስፌቱ፣ ቅምቅማቱ፣ ስድስቱ ማንጠልጠያ ብቅ አለ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟልና ጨርቁን ሰኞ ሰኞ እንደታጠፈ ነበር የሚያስቀምጡት። እሳቸውም ከሌላው ሰው እኩል ነው ያዩት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ የሟቹ ልጅ።

አንዱ ስፌቱን ልተርትረው አለ፤ ሌላው ደግሞ «መጋረጃ የሆነ ጨርቅ አባቴ አይለብስም» የሚለውን ልጅ ደግፎ ቆመ። ሌላ አቡጀዲ ፍለጋ መኪና ኮምቦልቻ ተላከ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን የተቀበሩት ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ሟች እንዲህ ቆይቶበት ያ ቅሬ አያውቅም።

የቅሬው ዳኛ ሼህ በሺር ከቀብር መልስ ጠየቁ። አያ ጀማሉዲን፣ «ቁልፉ የሚውለው በእኔ አንገት ነው። የወጣውም የገባውም በእኔ ነው። ሌላ አትጠይቁኝ» አሉና አቀረቀሩ። ከሴቶቹ ጋር የተቀመጠችው ኡሙሰልማ ጨርቁን ሳብ አድርጋ ቅምቅማቱን በጣቷ ዳበሰችው። «ጥሩ እጅ ነው» አለች፤ ቀና ብላም ከሪማን አየቻት። ከሪማ ምድሩን አየች።

ጉዳዩ ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ተቀጠረ። ምን እንደሚፈረድ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሙታንን አደራ ያባከነ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚሸከመው የለም። ለሰባ ሁለት ዓመት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ዓርብ ሳይደርስ እንኳን የአያ ጀማሉዲንን ደጅ የሚረግጥ ጠፋ።

በማግሥቱ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከሪማ ቤታቸው ገባች። ሽማግሌው ብቻቸውን ተቀምጠው ከጣሳ ውሃ ይጠጣሉ። ጣሳውን የሚቀበላቸው ሰው ስለሌለ ጠጥተው ሲጨርሱ የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገብቷቸው ይዘውት ቀሩ። ከሪማ ተቀበለቻቸው።

«አያ፣ ዓርብ እናገራለሁ።»

«አንቺ ዝም በይ።»

«እርስዎ እንዲህ ሆነው?»

«ከእኔ የሚወሰድ ስንት ቀረ ብለሽ ነው? አንቺ ከወጣሽ ስፌት የሚያመጣልሽ የለም። ያ አስተማሪሽ ደግሞ በሙታን ከፈን ላይ ፊልም አሳየ ይባልና ይታሰራል። ሦስት ሰው ከሚጎዳ አንድ ይጎዳ። ወላሂ ብትናገሪ ከእንግዲህ ቤቴ አትግቢ።»

ከሪማ ቤቷ ገብታ አሰበችው። ሒሳቡ ልክ ነው። አንድ ከሦስት ያንሳል። ደግሞም እሳቸው ራሳቸው ናቸው የመረጡት፤ ማን አስገደዳቸው? እንዲህ እያለች ልብስ ትሰፋለች፤ የሰፋችውንም መልሳ ትተረትራለች፤ እጅጌውን በግልባጩ ገጥማው ነበርና።

እሁድ ሆነ። መምህር መኳንንት ሦስተኛውን ጣሳ ይዞ መጣ። አቡጀዲው እንደሌለ ከሪማ ነገረችው፤ ለምን እንደሌለ ግን አልነገረችውም። ሰኞ ፊልሙ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነበረበትና ሰው ሁሉ መላ ፍለጋ ገባ። የተናኘን ነጠላ ወጠሩት፤ ብርሃኑ በነጠላው አልፎ ሌላ ወፍጮ ቤት ግድግዳው ላይ ሠራ። ሞላልኝ ሮጦ የራሱን አንሶላ አመጣ፤ አበባ ያለበት ነው። የወፍጮ ቤቷ ሴት ግንባሯ ላይ ጽጌረዳ በቀለባት። ሳቁ እንባ አስመጣ። መምህሩ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሥዕሎች በኋላ መኪናውን አጠፋው።

«እንዲህ እየሳቅን የዚህችን ሴት መጨረሻ አናይም። ነውር ነው» አለ። ቆይቶም፣ «ከባለፈው እሁድ ወዲህ ግድግዳ የቀየረ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ከሪማ ከወንበሯ ተነሳች። አዳራሹን አቋርጣ መስኮቱ ሥር ሄዳ ቆመች።

«እትዬ ከሪማ፣ ባለፈው ብቻዎን ቀርተው እንኳን እምቢ ብለው ነበር» አለ መምህሩ።

«ነበር።»

«ምን ተገኘ ታዲያ?»

ከሪማ ቃሉን ፈለገችው። «የታሰረው ሰውዬ ፊቱ ትዝ የሚላችሁ አለ?» አለች። ሰው እርስ በርስ ተያየ፤ ትዝ ያለው አልነበረም። «ሲወስዱት ጀርባውን ብቻ ነው ያሳዩን። ከዚያ ወዲያ ባልየው ነው፣ ሚስቲቱ ናት፣ ልጆቹ ናቸው። እኔም ያዘንኩት ለማያቸው ሰዎች ነበር። ያላየሁትን ሰው አብሬ ሳልቆጥረው ቀረሁ።»

«አሁንስ ታየዎት?»

«አሁን ፊቱን አየሁት። ውሃ ሲጠጣ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ማንም አልገባውም። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ መምህሩ ፕሮጀክተሩን ሲያሽግ ጠጋ ብላ ሁሉንም ነገረችው፤ ስፌቱን፣ ሣጥኑን፣ ዓርብን። መምህር መኳንንት የተሰጠውን ጋቢ ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ።

«ዓርብ ከተናገርኩ ስምዎ ይነሳል» አለች። «ለዚህ ነው የነገርኩዎት። እርስዎ የትኛው ግድግዳ ነዎት? አንድ ቀን እንኳን ነግረውን አያውቁም።»

«እኔ ሁልጊዜ መሐል ነኝ፣ እትዬ ከሪማ። መምረጥ ስለሚያቅተኝ ነው እናንተን የማቆማችሁ» አለ። ጣሳውን ዘግቶ ማሰሪያውን አጠበቀ። «ይናገሩ። ስሜን ከነአባቴ ይጥሩት።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቅሬው ከሰፈሩ ወይራ ሥር ተቀመጠ። ሴቶች በቅሬ ስብሰባ ዳር ይቀመጣሉ እንጂ አይናገሩም። ሼህ በሺር ነገሩን ሊከፍቱ ሲሉ ከሪማ ቆመች።

«ሼህ በሺር፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «አያ ጀማሉዲን መምህር መኳንንት እሁድ ፊልም ሊያሳየን ስለሆነ አዋሱኝ እንጂ መሰፋቱን አያውቁም። እጄ ነው ያጠፋው። ከቅሬ የሚወጣ ካለ እኔ ልውጣ።»

«ይህችን ሴት ምን አስለፈለፋት!» አሉ አያ ጀማሉዲን። ተቆጥተው ፊታቸውን አዞሩባት። ግን ስትቀመጥ አየቻቸው፤ ከረቡዕ ጀምሮ ሰብረውት የከረሙት አንገት ቀና ብሏል።

ሼህ በሺር ጨርቁን ወደ እሷ ገፋ አድርገው ምላጭ አሰጧት።

«በሰፋሽው እጅ ተርትሪው። እዚሁ፣ ሰው እያየ።»

ከሪማ መተርተር ጀመረች። ስድስቱን ማንጠልጠያ አነሳች፣ ወደ ዳሩ ሄደች። ረጅም ዳር ነው፤ ሰው ዝም ብሎ ሲያያት ጊዜው አልሄድ አለ።

«ለመሆኑ ምን ነበር የሚታይበት?» አሉ ሼህ በሺር።

ተረከችላቸው። ስለ ወፍጮው፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ኮቱ እጅጌ። እጇ ይተረትራል፣ አፏ ይተርካል። ሴትየዋ ኮቱን ይዛ መንገዱ ላይ ስትቆም ከሪማ ክር ለመሳብ ቆም አለች።

«ትናገራለች» አለች ኡሙሰልማ፣ ሴት እንደማይናገር ረስታ።

«ባሏን?» አለ ከወንዶቹ አንዱ።

«ባሏ ቢሆንስ?»

«ኧረ ተይ፣ ቂሙ ምን እንደነበር ሳይጣራ?» «ሰው ታስሮ እኮ ነው!» «ሽማግሌ ይላክ፤ ባልየው ራሱ ይናገር።» ከወይራው ሥር የነበረው ሰው ተንጫጫ። አያ ጀማሉዲን እንኳን ዘወር ብለው፣ ሚስቲቱ ዝም ብትል ባልየው ኋላ ራሱ ይናገር ነበር ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ አስር ሶላት ሄደ፤ ሰግደው ተመልሰውም ቀጠሉ። በመጨረሻ የሼህ ዘይኑልአቢዲን ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ተቆጥቶ የመጣው ሰው፣ አንገቱን አስግጎ ጠየቃት።

«እሺ ከዚያስ?»

«ከዚያማ አላየሁም» አለች ከሪማ። «የሚታይበት ጨርቅ እናንተ ዘንድ ነበር።»

ቅሬው በጨርቁ ካዘነው የበለጠ በዚህ አዘነ። ሼህ በሺር ፈረዱ፤ ቁልፉ ባለበት ይዋል፤ ከሪማ ለአንድ ዓመት ሰው በሞተበት ቤት ሁሉ ውሃ ቀጂ ትሁን። ቀዳችም። ገና እንስራዋን ሳታወርድ ለቀስተኛው፣ «ያቺ ሴት ምን ሆነች? አልሰማሽም?» ይላት ነበር።

መምህር መኳንንትን በዚህ የከሰሰው የለም። በሐምሌ ግን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ ተባለ፤ የእሁዱ ትምህርትም በዚያው ቀረ። ከሪማ ልትሰናበተው በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረደች። በሙቀቱ መሐል የልብስ ሣጥኑን ጭኖ ቆሞ አገኘችው። የራሷ ስፌት የሆነ ሸሚዝ ሰጠችው፤ ወዲያውኑ የእጅጌውን ቅምቅማት ገልብጦ አየና ሳቀ።

«ያን ፊልም በኋላ አላዩትም?» አለችው።

«ሰኞ ጧት ላክሁት፣ እትዬ ከሪማ። ብቻዬን ማየት አላስቻለኝም።»

ከዚያ ወዲህ አላየችውም። ከሪማ አሁን የልጅ ልጅ ያየች አሮጊት ናት። አያ ጀማሉዲን ከዓመታት በኋላ ሲሞቱ ቅሬው በሙሉ ወጥቶ ነው የሸኛቸው። የወፍጮ ቤቷ ሴት ግን እስከዛሬ ኮቷን ይዛ እዚያው መንገድ ላይ እንደቆመች ናት። ሼህ በሺር እስኪሞቱ ድረስ ተናግራለች ሲሉ ነበር፤ ኡሙሰልማ ደግሞ ልጆቿን ይዛ ጠፍታለች ትላለች።

ከሪማ ይህን ለምታነቡት አንድ ልመና አላት። ከእናንተ መሐል ያን ፊልም እስከ መጨረሻው ያየ ካለ ቧንቧ ውሃ መጥቶ የልብስ ሰፊዋን ከሪማን ቤት ይጠይቅ፤ የማያሳየው የለም። ሴትየዋ ተናገረች? የታሰረው ሰውዬስ ወጣ? ፊቱንስ አሳዩት? ቁጭ ብሎ ይንገራት። ያላያችሁት ግን፣ አደራችሁን፣ ፈጥራችሁ አትንገሯት፤ የተፈጠረ መጨረሻማ ቅሬው ዘንድ ሞልቷል።